ሚኒስትሪ ማለፍና ለ9ኛ ክፍል መድረስ አንድ አይደለም

ሰኔ ሲቃረብ የ8ኛ ክፍል ልጅ ያለበት ቤት ወሬው ሁሉ ሚኒስትሪ ነው። ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ስልክ ይደበቃል፣ አስጠኚ ይፈለጋል። መጨነቁ ልክ ነው፤ ያላለፈ ልጅ ዓመት ያጣል። ግን ብዙ ወላጅ ያልጠበቀው ነገር የሚመጣው ከፈተናው በኋላ፣ ጥቅምት ላይ ነው። ሚኒስትሪ 80 እና 85 ያመጣ ልጅ 9ኛ ክፍል ገብቶ የመጀመሪያዎቹን ቴስቶች ከግማሽ በታች ይዞ ይመጣል።

ልጁ ሰንፎ አይደለም። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጦበት ነው። አንደኛው የትምህርቱ ብዛት ነው። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት 8ኛ ክፍል ላይ አጠቃላይ ሳይንስ ተብሎ በአንድ መጽሐፍ የነበረው 9ኛ ላይ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ሆኖ ይመጣል። ኅብረተሰብ የነበረውም ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ ይሆናል። ሁለተኛውና ዋናው ቋንቋው ነው፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከቋንቋ ትምህርቶች በስተቀር ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሒሳብና ሳይንስ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚሰጥበት ቦታ አለ። እዚያም ቢሆን መጽሐፉ እንግሊዝኛ ይሁን እንጂ መምህሩ የሚያስረዳው በአማርኛ ስለሆነ ድንጋጤው ብዙም አይቀንስም።

ቀድሞ የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ስለነበር ልጁ ወደኋላ መቅረቱ በሁለት ዓመት ይታወቅ ነበር። እሱ ከቀረ ወዲህ ከ8ኛ በኋላ ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሚመዝነው ፈተና የ12ኛ ክፍሉ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ምን እንደሚጠብቅ ለማወቅ በ2014 የትምህርት ዘመን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ማስታወስ ይበቃል። 9ኛ ክፍል ላይ የተከፈተ ቀዳዳ አራት ዓመት ሙሉ ማንም ሳያየው ሊሰፋ ይችላል።

ከጥናቱ በፊት፦ የልጁ ስም

የመጀመሪያው ሴሚስተር ውስጥ ትምህርት ቤቱ የተፈታኞችን ስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ይልካል። ወረቀቱ ከመላኩ በፊት ልጃችሁ አይቶ እንዲፈርም ብቻ ሳይሆን እናንተም አንድ ቀን ሄዳችሁ እዩት። የምታመሳክሩት ከልደት ሰርተፍኬቱ ጋር ነው። የራሱ፣ የአባቱና የአያቱ ስም፣ ጾታው፣ የትውልድ ቀኑ በሙሉ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ኃይለማርያም፣ ገብረሥላሴ፣ ወልደጊዮርጊስ ዓይነት ስሞች አንዴ ተያይዘው አንዴ ተነጣጥለው ይጻፋሉ፤ በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ደግሞ እያንዳንዱ ጸሐፊ የመሰለውን ያደርጋል። አንዱን ምረጡና በዚያው ጽኑ። የሴት ልጅ ጾታ ወንድ ተብሎ መመዝገብም የተለመደ ስህተት ነው፤ በተለይ ስሟ ለወንድም ለሴትም የሚሆን ከሆነ።

በዚህ ደረጃ ስህተቱ በአንድ እርሳስና በአንድ ደቂቃ ይታረማል። ሰርተፍኬቱ ከታተመ በኋላ ግን ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቢሮ መመላለስ ነው፤ ስሙ ጨርሶ ሌላ ሆኖ ከተገኘ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ሊደርስ ይችላል።

ሒሳቡን በአንድ ቅዳሜ ማወቅ ይቻላል

አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት ልጁ የጎደለው ምን እንደሆነ እወቁ። እነዚህን አምስት ጥያቄዎች ያለ ካልኩሌተር ስጡት፤ መልሱን ብቻ ሳይሆን አሠራሩንም ይጻፍ። ከኔጋቲቭ 3 ላይ ኔጋቲቭ 7 ሲቀነስ ስንት ይመጣል? 2/3 ለ4/5 ሲካፈልስ? የ240 15 በመቶ ስንት ነው? 3(ኤክስ − 2) = ኤክስ + 8 ከሆነ ኤክስ ስንት ነው? ባለ 90 ዲግሪ ጎነ ሦስት ሁለቱ አጫጭር ጎኖቹ 6 እና 8 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ረጅሙ ጎን ስንት ይሆናል?

መልሶቹ በቅደም ተከተል 4፣ 5/6፣ 36፣ 7 እና 10 ናቸው። የሚጠቅማችሁ ግን የተሳሳተው መልስ ነው። ለመጀመሪያው ኔጋቲቭ 10 ያለ ልጅ ሁለት የመቀነስ ምልክት ሲገናኝ ምን እንደሚሆን አያውቅም፤ ይህ 6ኛና 7ኛ ክፍል ላይ የቀረ ነገር ነው። ለሁለተኛው 8/15 ካለ ማካፈሉን እንደ ማባዛት ሠርቶታል፤ ሁለተኛውን ክፍልፋይ አልገለበጠም። ለሦስተኛው 16 ካለ 240ን ለ15 አካፍሏል፤ በመቶኛ ማለት ከመቶ መሆኑ አልገባውም። ለአራተኛው 5 ካለ ከቅንፉ ውጭ ያለውን 3 ከመጀመሪያው ጋር ብቻ አባዝቶ 2ን ረስቶታል። ለመጨረሻው 14 ካለ ፓይታጎረስን አያውቅም፤ ጎኖቹን ደምሯል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን የሳተ ልጅ የ8ኛ ክፍል ምዕራፎችን ይዞ ቢያጠና ድካም ብቻ ነው የሚተርፈው። ለእሱ ስድስት ሳምንት ያህል በቀን ግማሽ ሰዓት ኔጋቲቭ ቁጥርና ክፍልፋይ ብቻ ማሠራት ይሻላል። አስጠኚዎች ይህን አይወዱም፤ ወላጅ የሚከፍላቸው ልጁ የደረሰበትን ምዕራፍ እንዲያስጠኑ ስለሚመስላቸው። እናንተ ንገሯቸው።

መጨረሻ ላይ ያሉት የሒሳብ ምዕራፎች፣ ማለትም የጠጣር ምስሎች ይዘትና ፕሮባቢሊቲ፣ ጊዜ አጥሮ የሚዘለሉ ናቸው። ፈተናው ግን አይዘላቸውም። ግንቦት ላይ ክፍሉ የት ምዕራፍ ላይ እንዳለ ጠይቁ። ምስስል ጎነ ሦስቶችና ፓይታጎረስ ደግሞ ለሚኒስትሪ ብቻ አይደሉም፤ 9ኛ ክፍል ትሪጎኖሜትሪ የሚጀመረው በእነሱ ላይ ነው።

የድሮ ፈተናዎች

ከየካቲት ጀምሮ የቀድሞ ፈተናዎችን መሥራት ጥሩ ነው፤ ሦስት ነገር ካልተበላሸ። አንዱ ዘመኑ ነው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ከመግባቱ በፊት የነበሩ የ8ኛ ክፍል ፈተናዎች ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ተነጣጥለው የወጡባቸው ናቸው። ጥያቄዎቹ ለልምምድ ይሆናሉ፤ ግን ዛሬ በአጠቃላይ ሳይንስ ውስጥ የሌለ ርዕስ ሲያጋጥም ልጁ እንዳይደናገር ከመጽሐፉ ማውጫ ጋር እያመሳከራችሁ ሰርዙ። ሌላው የመልስ ቁልፉ ነው። በቴሌግራም የሚዞሩት ወረቀቶች መልሳቸው ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ነው፤ ልጁ ትክክል ሠርቶ ቁልፉ የተለየ ካለ ወደ መጽሐፉ ይመለስ እንጂ ቁልፉን አይመን። ሦስተኛው ደጋግሞ መሥራት ነው። ያንኑ ወረቀት ለሦስተኛ ጊዜ የሠራ ልጅ ጥያቄውን ሳይሆን «ሲ» የሚለውን ፊደል ነው የሚያስታውሰው። ስለዚህ የተሳሳተበትን ጥያቄ ምርጫዎቹን ሸፍኖ ይሥራው።

የ7ኛ ክፍል መጽሐፍ አትስጡ፣ አትሽጡ። ጥያቄ ከእሱም ይመጣል፤ ባይመጣም 8ኛው የተሠራው በእሱ ላይ ነው።

ሰኔ ላይ «የወጣ ፈተና» ብሎ በቴሌግራም የሚሸጥ አይጠፋም። የሚሸጠው ያለፈ ዓመት ወረቀት ነው፣ ወይም ማንም የጻፈው። ገንዘቡ ቢጠፋ ምንም አይደለም፤ ልጁ ግን የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች በሐሰት ጥያቄ ያሳልፋል።

የፈተናው ቀን

ሁለት የተቀረጹ ኤች ቢ እርሳሶች፣ ለስላሳ ነጭ ላጲስ፣ መቅረጫ፣ ማስመሪያ፣ አድሚሽን ካርድ። ስልክና ስማርት ሰዓት ቤት ይቅሩ። የመልስ ወረቀቱን የሚያነበው ማሽን ነውና ክቡ በሙሉ ይጠቁር፤ ነጥብ ማድረግ ወይም ራይት ምልክት ማድረግ አይበቃም። በአንድ ጥያቄ ሁለት ክብ ከጠቆረ አንዱም አይቆጠርም። ጠንካራ ላጲስ ወረቀቱን ቀድዶ ወይም ጥቁር ጥላ ትቶ ማሽኑን ያሳስተዋል፤ ዘይት ከነካው እጅም ወረቀቱን ጠብቁ።

ከሁሉ የሚያስቆጨው የጥያቄ ወረቀቱን ኮድ አለማጥቆር ነው። ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች የጥያቄው ቅደም ተከተል የተለያየ ወረቀት ሊደርሳቸው ይችላል፤ ኮዱ ከተሳሳተ ማሽኑ የልጁን መልስ በሌላ ወረቀት ቁልፍ ያርመዋል። ጎበዝ ልጅ 25 አምጥቶ ቤተሰብ የሚያለቅሰው አንዳንዴ በዚህ ነው። ሌላው ስህተት መንሸራተት ነው፦ 17ኛን ጥያቄ ዘልሎ 18ኛውን በ17ኛ ረድፍ ያጠቁራል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይዛነፋል። በየአምስት ጥያቄው ቁጥሩን ከቁጥሩ ማመሳከርን በቤት ልምምድ ላይ ያስለምዱት።

የሚያውቀውን በመጀመሪያ ዙር ይሥራ፣ ስሌት የሚፈልገውን በሁለተኛው፣ የቀረውን በመጨረሻ አሥር ደቂቃ ይገምት። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ አይቀነስምና ባዶ የሚተው ጥያቄ መኖር የለበትም። በመጀመሪያው የፈተና ቀን ምሽት መልስ ማመሳከር ክልክል ይሁን። ያለቀ ነገር ነው፤ የሚያተርፈው ለነገው መረበሽ ብቻ ነው።

ክረምቱ

ሐምሌና ነሐሴ ሁለት ወር ናቸው። የመጀመሪያውን ሁለት ሳምንት ልጁን ተዉት፤ ይተኛ፣ ይጫወት። ውጤቱ ሲወጣ ከጠበቃችሁት በጣም የራቀ ከሆነ ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነውና በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት ሂዱ።

የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ቤቶች የ9ኛ ክፍልን ትምህርት በሙሉ በስምንት ሳምንት እንጨርሳለን ይላሉ። ገንዘባችሁን ለዚህ አታውጡ። ልጁ መስከረም ላይ «ይህን አውቀዋለሁ» እያለ ይሰላችና ኅዳር ላይ እንደማያውቀው ይገባዋል። ከከፈላችሁ ለእንግሊዝኛና ለሒሳብ ብቻ ክፈሉ።

እንግሊዝኛው ላይ ሰዋስው ከማብዛት የሚሻል ሥራ አለ። የ9ኛ ክፍል መጻሕፍት በነፃ ስለሚገኙ ባዮሎጂውን አውርዱ ወይም ከጎረቤት ልጅ ተዋሱ። ለምን ባዮሎጂ? ምክንያቱም ስለ ሰው አካልና ስለ ሥነ ምኅዳር ያለው ነገር በ8ኛ ክፍል አጠቃላይ ሳይንስ ላይ በከፊል ተነክቷል፤ ሐሳቡን ያውቀዋል፣ አዲስ የሚሆንበት ቋንቋው ብቻ ነው። በቀን አንድ ገጽ ያንብብ፤ የማያውቃቸውን ከአሥር ያልበለጡ ቃላት በደብተር ይጻፍ፤ በማግስቱ ገጹን ከማንበቡ በፊት ደብተሩን ዘግቶ ይሞክራቸው። በሳምንት ስድስት ቀን፣ ስድስት ሳምንት ቢሠራ ከ300 በላይ ቃል ይይዛል። በቀን 30 ቃል ልያዝ ያለ ልጅ በሳምንቱ ይተወዋል።

ከቃላቱ ሁሉ በፊት ግን ጥያቄ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያዝዙትን ቃላት ይወቅ፦ ዲፋይን (ምንነቱን ተናገር)፣ ሊስት (ዘርዝር)፣ ስቴት (በአጭሩ ጥቀስ)፣ ዲስክራይብ (ምን እንደሚመስል ግለጽ)፣ ኤክስፕሌይን (አብራራ)፣ ኮምፔር (አወዳድር)፣ ካልኩሌት (አስላ)። ሊስት ሲባል ስም መደርደር ይበቃል፤ ኤክስፕሌይን ሲባል «ለምን» የሚለው ካልተመለሰ ነጥብ የለም። ትምህርቱን የሚያውቅ ልጅ በእነዚህ ቃላት ብቻ ከቴስት ሩቡን ሊጥል ይችላል።

ፊዚክስ ላይ አንድ ነገር ብቻ ይልመድ፦ መለኪያ መለወጥ። በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ 20 ሜትር ይሄዳል፤ ለ3.6 ማካፈል ነው። 3.6 ከየት እንደመጣ፣ 1 ኪሎ ሜትር 1,000 ሜትር፣ 1 ሰዓት 3,600 ሰከንድ መሆኑን ጽፎ ያሳይ። ቀጥታ መስመር ላይ ስላለ እንቅስቃሴ በሚያወራው ምዕራፍ ብዙ ልጅ የሚወድቀው ቀመሩን ሳያውቅ ቀርቶ ሳይሆን ኪሎ ሜትርን ከሜትር ጋር ቀላቅሎ ነው። ለኬሚስትሪ ከሃይድሮጅን እስከ ካልሲየም ያሉትን 20 ንጥረ ነገሮች ከነምልክታቸው በቃሉ ይያዝ። የሶዲየምና የፖታሲየም ምልክቶች ከእንግሊዝኛ ስማቸው የመጀመሪያ ፊደል ጋር ስለማይገጥሙ ለብቻ ይጠኑ።

ከቀበሌ ወደ ወረዳ ከተማ ለሚሄዱ

ለገጠር ልጅ ትልቁ ለውጥ ይኼ ሁሉ አይደለም። አንደኛ ደረጃ ቀበሌው ውስጥ ነበር፤ 9ኛ ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ወረዳ ከተማ ነው፤ በ14 እና በ15 ዓመት ቤት ተከራይቶ መኖር ይጀመራል። ስለዚህ ጉዳይ ትምህርት ቤቶች ብዙም አይመክሩም፤ ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው ግን ከፊዚክስ ይልቅ በዚህ ነው።

ቤቱን ነሐሴ ላይ ፈልጉ፤ መስከረም ላይ ተማሪ ሁሉ ሲገባ የተረፈው ጥሩ አይሆንም፣ ኪራዩም ይወደዳል። ሦስት ወይም አራት ሆነው ቢከራዩ ወጪው ይቀልላል፤ ከመካከላቸው አንዱ ወይም አንዷ የዚያው ቀበሌ ልጅ ሆና 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ብትሆን ከተማውንም መምህሩንም ታውቃለች። ለሴት ልጅ ከሆነ አከራይዋ በዚያው ግቢ የምትኖር፣ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ሽንት ቤቱ ግቢው ውስጥ የሆነ፣ ከትምህርት ቤቱ የሚያመጣው መንገድ ጫካና ጭር ያለ ሜዳ የሌለበት ይሁን። ጥቂት ብር ለመቆጠብ ከከተማው ጫፍ የተከራየች ልጅ የከሰዓት ፈረቃ ሲደርሳት እየመሸባት ትመለሳለች፤ ወይም የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ እየተወች ትወጣለች። ፈረቃ መኖሩን ቤቱን ከመያዛችሁ በፊት ጠይቁ።

ስንቁ እሑድ ይጫናል። እንጀራ ከሦስትና አራት ቀን በላይ ስለሚሻግት እሱ እስከ ረቡዕ፣ ለሐሙስና ዓርብ ድርቆሽ፣ ለጠዋት በሶ ወይም ቆሎ ቢሆን ይደርሳል። ሽሮና በርበሬ በወር አንዴ ይበቃል። ማን መቼ እንደሚያበስል ተራ ካልወጣ ምግቡ በአንዷ ላይ ይወድቃል፤ እሷም የማታ ጥናቷን ታጣለች። እህትና ወንድም በአንድ ቤት ሲቀመጡ ይኼ ሁሌም በሴቷ ላይ ነው የሚወድቀው፤ አባት ወይም እናት ቤቱን ሲያስይዙ ራሳቸው ተራውን ይንገሩ።

የመጨረሻው ጉዳይ ከትምህርት የሚቀርበት ቀን ነው። በየዓርቡ ቤት የሚመጣ ልጅ ሰኞ ጠዋት ይቀራል፤ በሁለት ሳምንት አንዴ መምጣት፣ በመሃሉ ሳምንት ስንቁን በሰው መላክ ይሻላል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ የመጀመሪያው ሴሚስተር ማጠቃለያ ደግሞ ጥር ላይ። ለአጨዳ ሳምንት ከቀረ በኋላ የሚመለስ ልጅ 8ኛ ክፍል ላይ በአማርኛ መጽሐፉን አንብቦ ይደርስ ነበር፤ አሁን በእንግሊዝኛ ብቻውን አንብቦ አይደርስም። የግድ ከሆነ ሁለት ቀን፣ እሱም ቴስት የሌለበት ቀን።

ወረቀቶቹ

ለምዝገባ የ8ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ የትምህርት ማስረጃው፣ ከቀድሞው ትምህርት ቤት መሸኛ፣ የልደት ሰርተፍኬት፣ የወላጅ መታወቂያ ኮፒና ጉርድ ፎቶ ያስፈልጋሉ። ከእያንዳንዱ ሦስት ኮፒ አንሱ፤ ዋናው ከቤት አይውጣ፤ ለማመሳከር ካሳያችሁ በዚያው ይዛችሁ ተመለሱ። ሰርተፍኬቱን ላሚኔት አታስደርጉት፤ አንድ ቀን ይረጋገጥ ሲባል ጀርባው ላይ ማኅተም ማሳረፍ አይቻልም።

ጥቅምት ላይ

የመጀመሪያዎቹ ቴስቶች ሲመለሱ ነጥቡን አይታችሁ አትቆጡ። የባዮሎጂ ደብተሩን ክፈቱና አንዱን ገጽ በአማርኛ እንዲያስረዳችሁ ጠይቁት። ማስረዳት ካልቻለ የጻፈው ከሰሌዳ ፊደሉን ብቻ ገልብጦ ነው፤ ወደ ክረምቱ የቃላት ደብተር ይመለስ፣ ከትምህርቱ አንድ ቀን ቀድሞ ገጹን ያንብብ። ማስረዳት ችሎ ነጥቡ ዝቅ ካለ ችግሩ ያለው መጻፉ ላይ ነው። ሚኒስትሪ ምርጫ ብቻ ነበር፤ የ9ኛ ክፍል ቴስት ግን አጭር መልስና ሙሉ አሠራርም ይጠይቃል። ለእንዲህ ያለው ልጅ በቀን ሦስት ጥያቄ፣ እያንዳንዱን በአንድ ወይም በሁለት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር መመለስ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ደብተሩን ለእንግሊዝኛ መምህሩ ወይም ለ11ኛ ክፍል ጎረቤት ማሳየት።